መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ፤ ስለ ቢቨር አይሮፕላን

ስለ አይሮፕላን ጨዋታ ሲነሣ ሁላችንም የምንሽቀዳደመው ወደ ትልቁና ወደ ፈጣኑ ነው። አንዱ በመቶ የሚቈጠር ሰው ስለሚጭነው ጄት ያወራል፤ ሌላው ድምፅን ቀድሞ ስለሚበረው የጦር አይሮፕላን ይተርካል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ እንዳያንስ ብሎ ጨረቃ ላይ ይወጣል። እኛ ግን ዛሬ ልናወራ የተነሣነው ከእነዚህ ሁሉ ስለ ዘገየ፣ መልኩም ስለማያስጎመጅ፣ ሰባት ሰው ሲገባበት ጢም ስለሚል አንድ ትንሽ አይሮፕላን ነው። ስሙ ቢቨር ይባላል፤ የተወለደውም በካናዳ ነው።

የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ክንፍና ስለ ሞተር ምን አገባው?» እንደሚሉን እናውቃለን። መልስ አለን። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ስድስት ሆነን ለአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መጻሕፍት ሰብስበን ወስደን ነበር። መኪናው መንገዱ ካለቀበት ላይ አውርዶን ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ መጻሕፍቱን በአህያ ጭነን ግማሽ ቀን ተጓዝን። ደርሰን ሳጥኖቹን ስንከፍታቸው የሚበዙት ወፋፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ሆኑ፤ ልጆቹ ግን ገና ፊደል የሚቈጥሩ ነበሩ። ሽማግሌው መምህር በትሕትና አመስግነው ካበቁ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ አስቀድማችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ጠመኔ እላችሁ ነበር» አሉን። አፍረን ተመለስን። የቢቨርን ታሪክ ያነበብነው ከዚያ በኋላ ስለ ሆነ፣ የአይሮፕላን ታሪክ ብቻ ሆኖ አልታየንም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አገሩን እንመልከት። ካናዳ በስፋት ከሩስያ ቀጥላ የዓለም ሁለተኛ አገር ናት፤ ሕዝቧ ግን ለስፋቷ ጥቂት ነው፤ የሚበዛውም በደቡቡ ድንበር አጠገብ ሰፍሮ ይኖራል። ወደ ሰሜን ሲዘለቅ መንገዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ደን፣ ዓለት፣ ረግረግና ስፍር ቍጥር የሌለው ሐይቅ ነው። በዚህ አገር የሚበሩ ነጂዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሜዳ መጥረግ አያስፈልግም፣ ሐይቁ ራሱ ሜዳ ነው። በሙቀቱ ወራት በውሃው ላይ ይታረፋል፤ በብርዱ ወራት ሐይቁ ረግቶ ሲጠጥር በበረዶው ላይ ይታረፋል። የሚያስቸግሩት ሐይቁ ሊረጋ ወይም ሊቀልጥ የሚጀምርባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ሐይቁ ታንኳም አያስኬድ፣ ሰውም አያቆም።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ በዚያ አገር ደብዳቤውም፣ ማዕድን ፈላጊውም፣ በሽተኛውም፣ ዱቄቱም የሚጓዘው በትንንሽ አይሮፕላን ነበር። ነገር ግን አይሮፕላኖቹ አብዛኛዎቹ ከእንጨት፣ ከሸራና ከብረት ቧንቧ የተሠሩ ነበሩና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ አርጅተው ነበር። የሚተካቸው ግን አልነበረም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሁሉ ዓይናቸው በፍጥነት ላይ ነበር።

በዚያን ጊዜ በቶሮንቶ ከተማ አጠገብ ዳውንስቪው በሚባል ስፍራ ዴ ሃቪላንድ ካናዳ የተባለ ፋብሪካ ነበር፤ የእንግሊዙ የዴ ሃቪላንድ ኩባንያ ቅርንጫፍ ነው። በጦርነቱ ዘመን ሞስኪቶ የሚባለውን የጦር አይሮፕላን ከ1,000 በላይ ሠርቷል። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ የአይሮፕላኑ ትእዛዝም አበቃ። የፋብሪካው ኃላፊ ፊል ጋራት ሠራተኛው እንዳይበተን፣ በሩም እንዳይዘጋ አዲስ ሥራ መፈለግ ነበረባቸው።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ብልህ መሐንዲሶች ነበሩትና እነርሱ የመሰላቸውን ሠርተው «ይኸውላችሁ፣ ግዙን» ሊሉ ይችሉ ነበር። ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ፓንች ዲክንስ የተባሉ፣ በሰሜኑ በረራ ስማቸው የታወቀ ነጂ የፋብሪካው ባልደረባ ሆነው ነበር፤ እርሳቸውም በየሐይቁ ዳር ለሚሠሩት ነጂዎች፣ «ምን ዓይነት አይሮፕላን ብንሠራላችሁ ይጠቅማችኋል?» እያሉ ጠየቁ።

መልሱ መጣ። ፈጣን ይሁን ብሎ የተጨነቀ እምብዛም አልነበረም፤ የእነርሱ ተወዳዳሪ ውሻ የሚጎትተው የበረዶ ጋሪና በሰው ክንድ የሚቀዘፍ ታንኳ ነውና እነዚህን መቅደም ቀላል ነው። የፈለጉት ይህን ነበር፤ ከትንሽ ሐይቅ ተነሥቶ ዛፉን ዘልሎ የሚሄድበት ጉልበት ይኑረው፤ እንጨት ይበሰብሳልና ሁለንተናው ብረት ይሁን፤ ጎማውን አውልቆ ተንሳፋፊ ወይም የበረዶ መንሸራተቻ ማጥለቅ ይቻል፤ በር በግራም በቀኝም ይኑረው፤ ምክንያቱም በውሃ ላይ የሚሄድ አይሮፕላን ወደ መድረኩ በየትኛው ጎኑ እንደሚጠጋ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ነፋሱ ነው። በሩም የነዳጅ በርሜል እንዲያስገባ ሆኖ ይስፋ።

ይህ የበርሜል ነገር አንባቢን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን ማደያ በሌለበት አገር ነዳጅ የሚሄደው በበርሜል ነው። በርሜሉም እኛ የምናውቀው ያ የ200 ሊትር በርሜል ነው፤ ሲያረጅ በየግቢያችን ውሃ የምናጠራቅምበት። አይሮፕላኑ በርሜሉን ካላስገባ ለሰሜኑ ሰው ዋጋ የለውም። ስለዚህ የቢቨር በር ስፋት የተቈረጠው በበርሜሉ ልክ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ሥራውን የመሩት ከፖላንድ በስደት የመጡት መሐንዲስ ያኪሚዩክ ነበሩ፤ ፍሬድ ቡለርና ዲክ ሂስኮክስም ከእርሳቸው ጋር ደከሙ። በመጀመሪያ የታሰበለት ሞተር እንግሊዝ ሠራሽና ጉልበቱ ያነሰ ነበር። በኋላ ግን ዋስፕ ጁንየር የሚባለውን 450 የፈረስ ጉልበት ያለውን የአሜሪካ ሞተር መረጡለት፤ ይህ ሞተር ከጦርነቱ በብዛት የተረፈ፣ መካኒኩም ሁሉ ጠባዩን የሚያውቀው ነበር። ለጉልበቱም የሚስማማ ሰፋ ያለ ክንፍ አበጁለት። ነሐሴ ወር 1947፣ በ16ኛው ቀን፣ በጦርነቱ ዘመን ሞስኪቶ ያበሩ የነበሩት ራስ ባኖክ ለመጀመሪያ ጊዜ አበረሩት። ስሙንም ቢቨር አሉት፤ ቢቨር ማለት በካናዳ ወንዞች የሚኖር፣ በጥርሱ ዛፍ እየጣለ ግድብ የሚገነባ፣ ሥራ የማይታክተው የውሃ አውሬ ነው።

ነጂዎቹን ማዳመጥ ምን እንዳፈራ የሚታየው በጥቃቅኑ ነገር ነው። የነዳጁ ጋን በወለሉ ሥር ነው፤ መሙያው አፍም በግራ ጎኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ስለዚህ ነጂው በረዶ የጋገረውን ክንፍ ሳይወጣ መሬት ላይ ቆሞ ይሞላል። የሞተሩ ዘይት መሙያ ደግሞ ነጂው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ነው። በሰሜኑ ብርድ ዘይት እንደ ሙጫ ይጠጥራልና ነጂዎች ማታ ማታ ከሞተሩ እየቀዱ፣ ጧት በእሳት እያሞቁ ይመልሱት ነበር፤ በቢቨር ግን ዘይቱ በበረራ ላይ ቢያንስ እንኳ ከመቀመጫ ሳይነሡ ይጨመራል። የክንፉ ፍላፕም የሚታጠፈው በእጅ በሚገፋ ፓምፕ ነው፤ የሚቃጠል የኤሌክትሪክ ሽቦ የለበትም።

አሁን ደግሞ፣ በኢንጂነሪንጎቹ ፈቃድ፣ ይህ አይሮፕላን በአጭር ስፍራ እንዴት እንደሚነሣ እንግለጽ። ክንፍ ሸክሙን የሚያነሣበት ኃይል በአራት ነገር ይወሰናል፤ በክንፉ ስፋት፣ በክንፉ ጉብጠት፣ በአየሩ ውፍረትና በፍጥነት። ከእነዚህ ሁሉ የሚበረታው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የማንሣቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ፈጣኑ ጄት በትንሽ ክንፍ የሚበረው። ነገር ግን ዋጋውን መሬት ላይ ይከፍላል፤ ያን ፍጥነት እስኪያገኝ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር አስፋልት ይጠይቃል። አስፋልት የሌለው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? በዝቅተኛ ፍጥነት የሚያነሣ ክንፍ ይሥራ።

አሞራ ሲያርፍ ተመልከቱ። ሲበር ክንፉን ዘርግቶና አጥብቦ ይንሳፈፋል፤ ወደ መሬት ሲቃረብ ግን ክንፉን ያሰፋዋል፣ ኋላውን ወደ ታች ያጎብጠዋል፣ ከዚያም ሁለት እርምጃ እንኳ ሳይሮጥ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ቢቨርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከክንፉ ጀርባ ያለው ፍላፕ ወደ ታች ሲታጠፍ ክንፉ ይጎብጣል። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በሌሎች አይሮፕላኖች ለማዘንበል ብቻ የሚያገለግሉት ከክንፉ ጫፍ አጠገብ ያሉት ኤይለሮኖች በቢቨር ከፍላፑ ጋር አብረው ዝቅ ይላሉ፤ ስለዚህ የሚጎብጠው የክንፉ ርዝመት በሙሉ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.63 ሜትር ሲሆን የአይሮፕላኑ ቁመት ከአፍንጫ እስከ ጅራት 9.22 ሜትር ብቻ ነው። ባዶውን 1,361 ኪሎ የሚመዝነው ይህ አይሮፕላን ከነሸክሙ 2,313 ኪሎ ሆኖ ይነሣል። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በጎማ፣ ወደ 170 ሜትር ያህል ተንደርድሮ መሬት ይለቅቃል፤ ይህም የሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት አይሞላም። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሰማይ ላይ ነው፤ ቢጨነቅ በሰዓት ከ255 ኪሎ ሜትር አያልፍም።

ለምን ለምን ዋለ ቢሉ፣ ለምን አልዋለም ማለት ይቀላል። በካናዳና በአላስካ ደብዳቤና መድኃኒት አመላልሷል፤ የታመመ ሰው ወደ ሆስፒታል፣ ነርስ ወደ መንደር አድርሷል። ጣውላውና ታንኳው በሆዱ አልገባ ሲል ከተንሳፋፊዎቹ ጋር በገመድ እየታሰረ ተጉዟል። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የደን መሥሪያ ቤት ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች አንዱ ነበር፤ ቢቨሮቹ በደን ላይ እየዞሩ ጢስ ይጠብቁ ነበር። በኋላም በተንሳፋፊዎቹ ላይ የውሃ ጋን ተገጠመላቸውና በሐይቁ ላይ እየተንሸራተቱ ውሃ ጠልቀው፣ ሳይቆሙ ተነሥተው፣ በእሳቱ ላይ የሚደፉ ሆኑ። መንገድ በሌለባቸው ሐይቆችም ውስጥ የዓሣ ጫጩት ከአየር ይዘሩባቸዋል። በኒው ዚላንድ ደግሞ ገበሬው በሬ ሊያወጣበት በማይችለው ገደላማ ኮረብታ ላይ የበግ ግጦሽ እንዲለመልም ማዳበሪያ በትኗል።

የጦር ሠራዊትም አልተወውም። ከተሠሩት 1,657 ቢቨሮች ውስጥ ከ900 በላይ የሚሆኑትን የገዛው የአሜሪካ ጦር ነው። ኮርያ ውስጥ በ1950 በተጀመረው ጦርነት አዛዦችን፣ ቍስለኞችንና ደብዳቤዎችን ያመላልስ ነበር፤ በኋላም በቬትናም አገልግሏል። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ መሣሪያ የሚያዘውን አይመርጥም። ለነርስ የተሠራው ሰፊ በር ለጥይት ሳጥንም ይበቃል።

ወደ ዓለም ጫፍም ሄዷል። ከ1955 እስከ 1958 ደቡብ ዋልታን አቋርጦ ለማለፍ በተደረገው የጋራ ብልጽግና አገሮች ጉዞ፣ የኤቨረስት ተራራን የወጡት ኤድመንድ ሂላሪ የመሩት የኒው ዚላንድ ክፍል አንድ ቢቨር ነበረው፤ በመንገዱ ላይ ለሚቀመጠው ስንቅና ነዳጅ ሸክሙን ያደርስ የነበረው እርሱ ነው። በዚያው ጉዞ የቢቨር ታላቅ ወንድም ልንለው የምንችለው፣ በ1951 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኦተር የተባለው አይሮፕላን፣ በ1958 ጥር ወር አንድ ሞተር ይዞ ያን የበረዶ ክፍለ ዓለም ከዳር እስከ ዳር አቋርጧል።

ምስጋና ብቻ ከጻፍን አንባቢ አያምነንም። ቢቨር ነዳጅ ይወድዳል፤ ሲነሣ የሚያሰማው ጩኸት በሐይቅ ዳር የሚኖረውን ሰው ያማርራል። ከሁሉም በላይ ግን ጠንካራ መባሉ ራሱ አደጋ አለው፤ ጠንካራን ነገር ሰው ችላ ይለዋልና። በ2017 የመጨረሻ ቀን በአውስትራሊያ ከሲድኒ በስተ ሰሜን አንድ ቢቨር ወንዝ ውስጥ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 6 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ነገሩን ሲከታተሉ የሞተሩ የጢስ ቧንቧ ተሰንጥቆ፣ ሞተሩን ከሰዎቹ ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ ጥቂት ብሎኖች ጎድለው አገኙ። ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ነጂውን አደንዝዞታል። አውሎ ነፋስና በረዶ ያልጣለውን አይሮፕላን የጥቂት ብሎኖች መጕደል ጣለው። ታታሪ መሣሪያም የሚጠብቀው ዓይን ይፈልጋል።

የቢቨር ሥራ በ1967 ቆመ። ታሪኩ ግን አልቆመም። ፋብሪካው መሥራቱን ከተወ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢሆንም በመቶ የሚቈጠሩት ዛሬም ይበራሉ፤ ሲያረጁ እስከ አጥንታቸው ተፈትተው፣ የበላው ብረት ተለውጦላቸው እንደ ገና ይገጣጠማሉ። በ1987 የካናዳ መሐንዲሶች የአገራቸውን የመቶ ዓመት ሥራ ሲያመዛዝኑ ቢቨርን ከአሥሩ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ አድርገው ቈጠሩት። ታኅሣሥ 2019 ደግሞ በቫንኩቨር አጠገብ ሃርበር ኤር የተባለው ድርጅት የአንዱን ቢቨር የቤንዚን ሞተር አውጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር ለሙከራ አበረረው። ለአዲስ ዘመን ሙከራ የተመረጠው የ1940ዎቹ ሥራ መሆኑ ያስገርማል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዲክንስ ነጂዎቹን ይጠይቁ በነበረበት በ1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ ወር የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። መንገድ ባልደረሰባቸው የአገራችን ክፍሎችም በሣርና በጠጠር ሜዳ ላይ ሕዝቡን ያገለገለው ዲሲ 3 የተባለው አይሮፕላን ነው። ከቢቨርና ከኦተር ቤተ ሰብ የተወለደው፣ በ1965 የበረረው ባለ ሁለት ሞተሩ ትዊን ኦተርም በ1980ዎቹ በአየር መንገዳችን ስም በአገር ውስጥ በርሯል።

ታዲያ እኛም ቢቨርን እንግዛ ልንል ነው? አይደለም። ከላይ የጠቀስናት የ170 ሜትር ቍጥር የባሕር ወለል ቍጥር ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚይዘው ያጣል፤ ሞተሩም ይደክማል፤ ስለዚህ ያው አይሮፕላን፣ ያንኑ ሸክም ይዞ፣ የበለጠ መንደርደር ይኖርበታል። ለሐይቅ አገር የተሰጠው መልስ ለደጋ አገር እንዳለ አይሆንም። ከካናዳ መቅዳት የሚገባን መልሱን ሳይሆን አጠያየቁን ነው።

እኛ ተማሪዎች ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየአውራጃው እንበተናለን። ማረሻ እናሻሽላለን፣ ጉድጓድ እናስቈፍራለን፣ ሕግ እናረቅቃለን የምንል ብዙዎች ነን። ምኞቱ መልካም ነው። ግን ባላገሩ በር በየት በኩል እንደሚፈልግ፣ የሚጭነውስ በርሜል ምን ያህል እንደሚሰፋ ሳንጠይቅ ብንነሣ፣ እንደ እኛ መጻሕፍት ተሸክመን ደርሰን ተሸክመን መመለስ ነው።

የዘንድሮው ክረምት እየቀረበ ነው። ለሽማግሌው መምህር ደብዳቤ ጽፈናል። በደብዳቤያችን ውስጥ ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ መልሱ ሲመጣ ስብሰባውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፋለን። አህያውን የምንከራየው ግን ከዚያ በኋላ ነው።